የበረንዳው ኮቴ

ሰዓት ሠሪው አዛውንት ግድ ካልሆነባቸው በስተቀር ከቤት አይወጡም ነበር። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ሱቃቸውን ዘግተው፣ መሣሪያቸውን ሣጥን ውስጥ ቆልፈው፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለው ቤታቸው ብቻቸውን ተቀምጠው ይውላሉ። አንድ ቀን ግን የእንጨት በረንዳቸው ምስማሩን እየተፋ ስላስቸገራቸው ወደ ሕንፃ መሣሪያ መደብር ጎራ አሉ። ምስማራቸውን በወረቀት አስጠቅልለው ዞር ሲሉ፣ በሁለት እጇ የእንጨት ዘይት ቆርቆሮ ካንጠለጠለች ወጣት ሴት ጋር ከመጋጨት ለጥቂት ተረፉ።

"ጋሼ! እርስዎ ነዎት?" አለች ወጣቷ፣ ቆርቆሮዎቹን መሬት አስቀምጣ እጃቸውን በሁለት እጇ እየጨበጠች።

የባለቤታቸው የእህት ልጅ ነበረች። በሙያ ትምህርት ቤት የእንጨት ሥራ መምህርት ናት። ከቀብሩ ወዲህ አልተያዩም ነበርና ሁለቱም ትንሽ ተፋፈሩ።

"ምስማሩ ለምንዎ ነው?" ስትል ጠየቀች መምህርቷ።

"ለበረንዳው ነዋ! ጥርሱ እንደወላለቀ ሽማግሌ ሆኗል። አንዱን ስመታው ሌላው ብድግ ይላል።"

"ዘይት ቀብተውት ያውቃሉ?"

"አልተቀባም፤ አይቀባምም!" አሉ አዛውንቱ። ይህን ያሉበት ድምፅ ባለ መደብሩን ቀና አሰኘው።

መምህርቷ ነገሩ ከነከናት። ለአክስቷ ባል ማዘኗም፣ እስከዛሬ ሳትጠይቃቸው መቅረቷም አንድ ላይ ተደራረበባትና፣ "ቤት ድረስ ልሸኝዎት" ብላ ተከተለቻቸው።

ቤቱ በር ላይ ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። በረንዳው ከጓዳው በር ተነሥቶ እስከ ገደሉ ጫፍ የተዘረጋ፣ ዙሪያውን መደገፊያ ያለው፣ ሰፊ የጣውላ ወለል ነው። ከታች ወንዝ ይሰማል እንጂ አይታይም። ጣውላው እንደ አመድ ነጥቷል፤ ስንጥቁ ጣት ያስገባል፤ ጥግ ጥጉን አረንጓዴ ሻጋታ ይዞታል። መምህርቷ የቀረበላትን ውሃ ከብርጭቆው ትንሽ ወለሉ ላይ ጠብ አደረገች። ውሃው አልፈሰሰም፤ ወዲያው ሰርጎ ጠፋ።

"አዩ ጋሼ? ተጠምቷል። ጤነኛ እንጨት ውሃ ሲነካው እንደ ዶቃ ያንከባልለዋል እንጂ እንዲህ አይመጥጥም።"

"ይጠጣ! ምን አስጨነቀሽ? አክስትሽ በእጇ እያጠበች ያረጀችበት እንጨት ነው። ቀለም ማለት መሸፈን ነው፤ እኔ ደግሞ የእጇን ምልክት አላስሸፍንም።"

"ይኼ ቀለም አይደለም። ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ዘይት ነው። የእንጨቱን መልክ ይበልጥ ያወጣዋል እንጂ አይሸፍነውም። እርስዎስ ዕድሜዎን ሙሉ ሰዓት ሲጠግኑ፣ ዘይት ነፍገውት ያውቃሉ?"

"ሰዓት ይሠራል፤ ዘይት ይፈልጋል። እንጨት ምን ይሠራል? የሞተ ነገር ነው።"

"እንዴት የሞተ! እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል። በየቀኑ ሲለጠጥና ሲኮማተር ምስማሩን ይነቅለዋል። ውሃው በስንጥቁ ይገባል፤ ከዚያ መበስበስ ነው።"

   አዛውንቱ ከብዙ ማመንታት በኋላ ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ? ዝም እንዲል አልፈልግም።"

"ምኑ ነው ዝም የሚለው?"

"ተቀመጪና ስሚ።"

ፀሐይዋ ከቤቱ ጀርባ ስትገባ ነፋሱ ቀዘቀዘ። ሁለቱም ፊታቸውን ወደ ገደሉ አድርገው ተቀመጡ። ድንገት ከበሩ አጠገብ፣ ከወንበራቸው ጀርባ፣ አንድ ጣውላ 'ቋ' አለ። መምህርቷ ዞር ስትል ማንም የለም። ትንሽ ቆይቶ ቀጣዩ ጣውላ 'ቋ' አለ። ከዚያም በአጠገቧ፣ ከጫማዋ ሥር ማለት ይቻላል፣ ሌላው። የሰው እርምጃ ነው፤ ቀስ ያለ፣ እግሩን የሚያመው ሰው እርምጃ። መምህርቷ የተማረች ብትሆንም ፀጉሯ ቆመ። ኮቴው አልፏቸው ሄደና፣ መደገፊያው ጥግ ሲደርስ ሁለት ጊዜ ቋ ቋ ብሎ ቆመ።

"ሰማሽ?" አሉ አዛውንቱ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ። "ሁልጊዜ እዚያ ጋ ትቆማለች። ትጠብቀኛለች። እኔም ሄጄ መደገፊያውን ተደግፌ አጠገቧ እቆማለሁ።"

ይህን ብለው ተነሡ። መምህርቷ ኮቴው ከቆመበት ቦታ ዓይኗን አልነቀለችም ነበር። ወለሉ እዚያ ጋ ትንሽ ወደ ታች ማዘንበሉን ያየችው ገና አሁን ነው። ዘልላ የኮታቸውን ጫፍ ያዘች።

"ጋሼ፣ ይቁሙ! በእናትዎ ይቁሙ!"

ከቦርሳዋ ካቻቢቴ አውጥታ በጉልበቷ እየዳኸች ቀረበችና፣ የመደገፊያው ቋሚ ሥር ላይ ተከለችው። ብረቱ ድምፅ ሳያሰማ እስከ እጀታው ገባ። ስታወጣው ጥቁር እርጥብ ብናኝ ይዞ መጣ፤ የከረመ ጓዳ ሽታ ሸተታቸው። መደገፊያውን በመዳፏ ገፋ ብታደርገው ወደ ገደሉ ተንገዳገደ፤ አንድ አግዳሚ ከነምስማሩ ተገንጥሎ ወደቀ። ሁለቱም ትንፋሻቸውን ይዘው አዳመጡ። የአግዳሚው ድምፅ ከታች ካለው ድንጋይ ላይ እስኪመጣ ድረስ ረጅም ዝምታ ሆነ።

አዛውንቱ ፊታቸው ወረቀት መሰለ። "ታዲያ ምን ልትይኝ ነው? አክስትሽ ልትገድለኝ ነው የምትጠራኝ?"

"እንዴት ተደርጎ! አክስቴ እኮ ደጅ ሲወጡ ብርድ እንዳይመታዎት አንገት ልብስ ይዛ ከኋላ የምትሮጥ ሴት ነበረች። እሷ ብትሆን ኖሮ ገደል አፋፍ፣ የበሰበሰ እንጨት ላይ ታቆምዎት ነበር?"

አዛውንቱ አግዳሚው የወደቀበትን ክፍተት ትኩር ብለው አዩ።

"አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ ደመና በሆነ ቀን ኮቴው ይሰማል?"

አዛውንቱ ወንበራቸው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ።  "አይሰማም። ደመና በሆነ ቀን አትመጣም። ተቀይማኝ እየመሰለኝ፣ ምን በድያት ይሆን እያልኩ፣ ስንት ቀን እዚህ ቁጭ ብዬ ይቅርታ ለምኛለሁ!"

መምህርቷ እጃቸውን ያዘች። ያም ሆኖ የጀመረችውን አልተወችም። "ቀን ሙሉ ፀሐይ ጣውላውን ስታግለው ትውላለች ጋሼ። ሲመሽ የቤቱ ጥላ ከበሩ ተነሥቶ ወደ ገደሉ ይራመዳል። ጥላው የደረሰበት ጣውላ ይቀዘቅዝና ይኮማተራል፤ በላላው ምስማር ላይ ይንቀሳቀሳል፤ ቋ ይላል። የሚራመደው ጥላው ነው። እዚያ ጥግ ላይ ድምፁ የሚበረታው ምስማሩን የሚይዝ እንጨት ስለሌለ ነው፤ በስብሷል።"

"ከቀባነውስ ዝም ይላል?"

"የበሰበሰውን ቀይረን፣ የላላውን አጥብቀን ከቀባነው፣ አዎ፣ ዝም ይላል። አልዋሽዎትም።"

አዛውንቱ ብዙ አሰቡ። የሚወዱትን ሰው ሁለተኛ ጊዜ መቅበር መሰላቸው። በመጨረሻ ግን፣ "እሷ ብትኖር እንዲህ እስኪሆን መች ዝም ትለኝ ነበር! ጀምሪው" አሉ።

ሥራው በአንድ ጀምበር የሚያልቅ አልነበረም። ቋሚዎቹና የበሰበሱት ጣውላዎች ተቀየሩ፤ በምስማር ፈንታ ብሎን ገባ። ሻጋታው በብሩሽ ታጠበ። አዛውንቱ ዘይቱን ቶሎ ለመቀባት ቢቸኩሉ መምህርቷ ከለከለቻቸው፤ እርጥብ እንጨት ላይ ዘይት መቀባት ውሃውን ውስጥ መዝጋት ነውና፣ ፀሐይና ነፋስ በደንብ እስኪያደርቁት ታገሡ። ከዚያ በማለስለሻ ወረቀት የእንጨቱን መስመር እየተከተሉ አሹት። ግራጫው ሲነሣ ከሥሩ እንደ ማር ያለ መልክ ወጣ። ዘይቱን ስስ አድርገው ቀብተው የተረፈውን በጨርቅ ጠረጉ። ውሃ ከሁሉ በፊት የሚገባባቸውን የጣውላ ጫፎች አዛውንቱ ራሳቸው በቀጭን ብሩሽ፣ ሰዓት እንደሚጠግኑ ሁሉ እያጎነበሱ፣ ደጋግመው አጠጧቸው። ዘይት የነካውን ጨርቅ ጠቅልለው ሊያስቀምጡ ሲሉ መምህርቷ፣ "እንዳይጠቀልሉት! በራሱ ግሎ ይቀጣጠላል" ብላ ደጅ ዘርግታ አሰጣችው።

ሁሉም ያለቀ ዕለት ማታ ሁለቱ እንደገና ተቀመጡ። ጥላው ከበሩ ተነሣ። አንድም ጣውላ አልተናገረም። ጥላው በአጠገባቸው አልፎ መደገፊያው ዘንድ ደርሶ፣ ተሻግሮ ገደሉ ውስጥ ገባ። ዝምታው ከኮቴው የበለጠ የሚያስፈራ ነበር፤ አዛውንቱ የወንበራቸውን ክንድ ጨምድደው ያዙ። 

"አክስትሽን መጀመሪያ ያየኋት" አሉ በድንገት፣ "የቆመ ሰዓት ይዛ መጥታ ነው። ከፍቼ ባየው አልተበላሸም፤ መጠምዘዝ ረስታዋለች። እንዳታፍር ብዬ፣ ብልሽቱ ከባድ ነው፣ ነገ ነይ አልኳት።"

መምህርቷ ከት ብላ ሳቀች። ይህን ታሪክ ሰምታው አታውቅም ነበር።

ዝናቡ ሲገባ በረንዳው ላይ ውሃው እየተንከባለለ ወረደ። የደረጃቸው እንጨት መንሻፈፍ የጀመረባቸው ጎረቤት ነገሩን ሰምተው ሊያዩ መጡ፤ አዛውንቱም ወዲያ ወዲህ እየወሰዱ አሳዩአቸው።

"እንጨት ሳይታመም ነው የሚታከመው" አሏቸው። "ቢያንስ ዓመት በዓመት ውሃ ጠብ አድርገህ እየው፤ ከጠጣ ዘይት አጠጣው። በጣውላዎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ከቅጠል አጽዳ። እንዲህ ካደረግህ አይሰነጠቅም፣ ሻጋታ አይይዘውም፣ ምስማሩን አይተፋም፤ እንግዳ ሲመጣም ያለ ሥጋት ታስቀምጥበታለህ። እኔ ይህን ባለማድረጌ ልሞት ነበር።"

ጎረቤትየው ጥቂት አመነቱና፣ "ግን ጋሼ፣ ዝም ማለቱ አልከበደዎትም? ቀድሞ የሚሰሙት ነገር እንደነበረ መምህርቷ ነግራኛለች" አሉ።

"ከብዶኛል እንጂ" አሉ ሰዓት ሠሪው፣ ወንበር እየሳቡላቸው። "ያኔ እሷን እሰማለሁ ብዬ አፌን ዘግቼ ነበር የምውለው። ስሟን እንኳ ለሰው አንሥቼ አላውቅም። አሁን እንጨቱ ዝም ሲል፣ ተናጋሪው እኔ ሆኜ ቀረሁ። ተቀመጥ፣ ስለ እሷ ላጫውትህ።"