ብቻውን የቀረው ወታደሬ

አቃቂ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ስሠራ፣ ክበቡ ውስጥ ቼዝ የሚጫወቱት አለቆች ብቻ ነበሩ። እኔን ደግሞ ባቡር ጣቢያ ይሠራ የነበረው አባቴ አስተምሮኛል። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ደፍሬ ገባሁና ዋናውን ኢንጂነር «ይግጠሙኝ» አልኳቸው። ሳቁ። «ከተሸነፍሽ ሁለተኛ እዚህ እንዳትደርሺ!» አሉኝ። «ካሸነፍኩስ?» ስላቸው፣ «ሠራተኛው ሁሉ ገብቶ ይጫወታል» ብለው ቃል ገቡ።

ጨዋታው ሲጋጋል፣ ከንግሥቴ ፊት የነበረው ወታደሬ ግራ ቀኙ ያሉት ጓደኞቹ ተበልተው መሐል ሜዳ ላይ ብቻውን ቀረ። ኢንጂነሩ ጣታቸውን ቀስረው «ይሄ ወላጅ አልባ ነው፤ ማን ይደርስለታል? ቀስ ብዬ እለቅመዋለሁ» አሉ። እሱን ለመብላት ሲያደቡ ግን ከፊቱ ያለውን ቦታ መዝጋት ረሱ። አንድ እርምጃ ገፋሁት። ወዲያው በሉት። ያኔ ከኋላው ታፍነው የነበሩት ፈረሶቼና ንግሥቴ መንገድ አገኙና ተግተልትለው ገቡ። ብዙም አልቆየ፣ ንጉሣቸው መሸሻ አጣ።

በመስኮት ያዩ የነበሩት የፈትል ክፍል ሴቶች እልልታውን አቀለጡት። ኢንጂነሩ ሰሌዳውን ትክ ብለው አዩና በሩን ራሳቸው ለሴቶቹ ከፈቱላቸው። እኔ ከወንበሬ አልተነሣሁም። ወታደሮቼን እየደረደርኩ «እሺ፣ ተረኛው ማነው?» አልኩ።