ሎሽኑ የመረጠው ክፍል

የተከበራችሁ ቤተሰቦቿ፣ ጎረቤቶቿ፣ የፋብሪካችን ሠራተኞች፤ ልትሸኟት ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ። እባካችሁ ወደ ዛፉ ጥላ ጠጋ በሉ። እሷ ብትኖር ፀሐይ ላይ አታቆማችሁም ነበር።

እኔ የመድኃኒት ፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ ነኝ። እሷ ፋርማሲስት ነበረች፤ የሎሽን መጋዘን ኃላፊ። እናንተ ግን በምን ታውቋታላችሁ? «እትዬ ዝጉት» በሚለው አይደል? በር ገርበብ ብሎ ካየች፣ ዝጉት። ክዳን ላላ ብሎ ካየች፣ ዝጉት። እኔ ስብሰባ ላይ ወሬ ሳበዛ እንኳ ጠጋ ብላ፣ በአክብሮት፣ «ይዝጉት» ትለኝ ነበር።

የድሮውን መጋዘን ታስታውሱታላችሁ? ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በበጋ እሳት። ለልጆች ማሳከክ የምንሠራው ሎሽን እዚያ ከርሞ ሲወጣ ቅባቱ ከላይ፣ ውሃው ከታች ይሆናል። እኔ፣ ሲነቀነቅ ይዋሃዳል አልኳት። አንድ ጠርሙስ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ሄደች። በግቢው የአየር ማቀዝቀዣ ያለው የእኔ ቢሮ ብቻ ነበር። በጋው ሲያልቅ ከመጋዘን ሌላ ጠርሙስ አምጥታ ጎን ለጎን አቆመቻቸው። የመጋዘኑ ተለያይቷል። የእኔው ወተት መስሏል።

«ሎሽኑ የእርስዎን ክፍል መርጧል» አለችኝ።

ምን ልበል? በማግስቱ ስገባ ቢሮዬ ካርቶን በካርቶን ሆኗል። መጀመሪያ አብረን ነበርን፤ እኔና ሎሽኑ። እሱ ከግድግዳ ራቅ፣ ከወለል ከፍ ብሎ በእንጨት ርብራብ ላይ ተንደላቆ ይቀመጣል፤ እኔ ጥግ ይዣለሁ። ቆይቶ ደግሞ እንግዳ ስለሚበዛብኝ በሩ እየተከፈተ ሙቀት ያስገባል ተባለ። ማን ወጣ? እኔ ወጣሁ። ወዴት? ወደ ድሮው መጋዘን፣ ቆርቆሮው ስር። ያን ቀን የሳቃችሁ እዚህ አላችሁ፤ እያየኋችሁ ነው።

በጣም ተናድጄ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ የተበላሸ ሎሽን ይዛ በራችን ላይ የቆመች እናት የለችም።

ሌላም ሕግ ነበራት። የመጠቀሚያ ቀኑ ቀድሞ የሚያልፍበት መድኃኒት፣ ከመጋዘን ቀድሞ ይወጣል። ቤቷም ያው ነው፤ ባለቤቷ ይመስክር። የትናንቱ ምግብ ሳያልቅ የዛሬው አይነካም። እሱም ትኩስ የሚበላው እንግዳ ሲመጣ ብቻ ስለሆነ በየሰበቡ ይጋብዘን ነበር። እኛ ደግሞ የተወደድን መስሎን።

እንግዲህ እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ በዕድሜ እበልጥሽ የለ? ይሄን ሽበት አታዪውም? ሕጉን ያወጣሽው አንቺ፣ ምነው ተራውን ዘለልሽ? እኔ መደርደሪያው ላይ ከፊት ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንቺን ከኋላ ማን አነሳሽ? ከፍቶኛል። በጣም ከፍቶኛል።

ዛሬ ጠዋት ልጇ ወደ ጎን ጠራችኝና፣ «ጋሼ፣ ክፍሉን መልሰው ሊወስዱት ነው?» አለችኝ። በሐዘኗ መሀል ያስጨነቃት ይሄ ነው፤ የእናቷ ልጅ። «ሁሉም ሲሰበሰብ እነግርሻለሁ» አልኳት። አሁን ሁላችሁም እየሰማችሁ ልመልስ። አልወስደውም፣ ልጄ። የሎሽኑ ነው። እኔ ጡረታ እስክወጣ ቆርቆሮው ስር ላብ እያጠመቀኝ እሠራለሁ።

ደህና ሁኚ፣ እህቴ። አደራሽን እዚሁ ተቀብያለሁ። ክፍልሽ እንደቀዘቀዘ ነው። ወደዚህ ስመጣ በሩን ዘግቼው ነው የወጣሁት።