በመስኮቱ ሥር የቆመው በሬ

«እንደምን አደርክ፣ ሻምበሌ? ወገብህስ ተሻለህ? ደግ፣ ደግ… ዝናቡም እኮ ማባራቱ ነው፤ ትናንት ጭቃው ጫማ ያስቀር ነበር።»

አሮጊቷ ከብት አድላቢ ይህን እያሉ ከጥበቃው አጠገብ በአግዳሚው ላይ ተደላደሉ። ሻምበል ወታደር ሆኖ አያውቅም፤ ማዕረጉን የሰጠው የቢሮው ሰው ነው። ከፊታቸው፣ እጅ ቢዘረጉ በሚደረስበት፣ የአደራዳሪው መስኮት ተከፍቷል፤ ከውስጥ የሻይ ማንኪያ ከብርጭቆ ጋር ሲጫወት ይሰማል። ከመስኮቱ ብረት ላይ የአሮጊቷ ቀይ በሬ ታስሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሥጋ ፋብሪካው በኪሎ የሚገዛውን ከብት የሚመዝነው ማልዶ ሲደርስ ሳይሆን፣ ውኃ ሳይቀምስ በር ላይ ቆሞ ውሎ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። አድላቢዎቹ «ሲደርስ ይመዘን» አሉ፤ ፋብሪካው «ቆሞ የከሳ በሬ አላየንም» አለ። መንግሥትም ያስታርቅ ዘንድ አደራዳሪ ላከ። ውሳኔው ዛሬ ይነገራል፤ ለፋብሪካው ከሆነ አሮጊቷ በረታቸውን ይዘጋሉ። ይህን እያወቁ፣ ከማለዳ ጀምሮ ሳቅ በሆዳቸው ይንተከተካል።

«እኔ የምልህ፣ ሻምበሌ… ሰው ሲታደል እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ይሰጠዋል? ማንን አልልህም፤ የሰው ስም ማንሳት አልወድም። አንድ ትልቅ ሰው አሉ። ‹በሬ ቆሞ ሲከሳ በዓይኔ ካላየሁ አልፈርድም፤ በየስብሰባው ቀን አንድ በሬ ይቁምልኝ› አሉ። አቆምንላቸው። ዘጠኝ ስብሰባ፣ ዘጠኝ ቀን! አንድም ቀን ያልቀረ ተሰብሳቢ እኮ የእኔ በሬ ብቻ ነው… ሊቀ መንበር ያላደረጉት ቀንዱ ለወንበሩ ስለማይመች ይሆን?

«ደግሞ መዘኑት። ውሸት አልናገርም፣ ዘጠኝ ጊዜ መዘኑት! ማታ። ሁልጊዜ ማታ… የማታውን ከማታው ሲያስተያዩት ልክ አንድ ሆነላቸው። ‹ይኸው፣ በሬ ቆሞ አይከሳም› ብለው በቃለ ጉባኤው ጽፈው ፈረሙ። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ለእኛ ብቻ መላኩ አያሳዝንም? ሌላ ሰው ቢሆን ጠዋትም ልመዝን ይል ነበር… ችኩል! ጠዋትማ ሻይ አለ። ፋብሪካው በካርቶን የሚልከው ብስኩት አለ። ለጉባኤው ነው እንጂ፣ እኔ ክፉ አላሰብኩም።»

ማንኪያው ዝም አለ። አሮጊቷ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉ መስለው ከፍ አደረጉት።

«ምቀኛ ግን አይጠፋም። ‹ሰውየው ወፈሩ› ይላሉ አሉ! ኧረ በስመ አብ! በሬው ቆሞ ካልከሳ፣ እርሳቸው ተቀምጠው በምን ይወፍራሉ? ቀበቶው ነው እንጂ ያጠረው። ቆዳ አይደል? ዝናብ ሲነካው ያጥራል…»

ወፍራም እጅ ብቅ ብሎ መስኮቱን ሳበ። መስኮቱ መጣ፣ መጣ፣ ከበሬው ቀንድ ጋር ተጋጭቶ ቆመ። እጁ ቀንዱን ገፋ፤ በሬው አልተነቃነቀም። ሻምበል ቆቡን ዓይኑ ላይ ደፋ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

«ምነው፣ ልጄ፣ በረደህ? …እና ምን እልህ ነበር? አዎ፤ ሚዛኑ ይኸው፣ ስምንት እርምጃ አይሞላም። በሬው ይኸው። ማለዳውም ይኸው፣ ገና ትኩስ ነው። አንዲት ጊዜ ብቻ በጠዋት ቢመዝኑት… ውይ፣ ምን ነካኝ? ትልቅ ሰው ሻዩን ጥሎ ይነሣል እንዴ? ይቅር፣ ይቀመጡ። እኔ ብመርቃቸው ይሻላል።»

ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ፤ ሁለት እጆቻቸውንም ወደ መስኮቱ ዘረጉ።

«ዕድሜ ከጤና ይስጣቸው። የልጅ ልጅ ይሳሙ። በዚያች በማትቀረው ቀን፣ ከታላቁ በር ማልደው ሲደርሱ፣ የሚመዝናቸው መልአክ እንደ እርሳቸው ረጋ ያለ ይሁን፤ ቸኩሎ አይመዝናቸው፣ እስኪመሽ በሩ ላይ ያቁማቸው… አሜን በል እንጂ፣ ሻምበሌ! ምን ያስፈራሃል? ይዘውት የሚሄዱት በጎ ሥራ እንደሆነ ቆሞ አይከሳም። በገዛ እጃቸው ፈርመውበታል።»