ጧሪ የሌላቸው እትዬ ብርቄ

የነገረችኝ የወረዳው ጽዳት ሠራተኛ አልማዝ ናት። የወረዳው ሠራተኛ ሁሉ በየወሩ ከደመወዙ እያስቆረጠ ጧሪ ለሌላቸው አሮጊቶች ዘይትና ዱቄት ይገዛል። የጎረቤቴ የእትዬ ብርቄም ስም ዝርዝሩ ውስጥ አለበት ስትለኝ ደነገጥኩ፤ በርበሬ በረንዳ ዛላ እየቀነጠሱ ያሳደጉት ልጃቸው ደረጀ እዚያው መዝገብ ቤት ይሠራል! ግን የእሱ ደመወዝ ለሁለት አይበቃም፤ ልጅ እንዳላቸው ከታወቀ ደግሞ ይሰረዛሉ።

የእደላው ቀን አዳራሹ ሄድኩ። አለቃው ፎቶ ሊያስነሳ፣ "ደረጀ፣ ለእኚህ እናታችን አንተ ስጣቸው" አለው። ዘይቱንና ዱቄቱን አንስቶ አቀበላቸው። እትዬ ብርቄ ቀና ብለው አዩትና፣ "እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ፣ የማን ልጅ ነዎት?" አሉት።

"ከክፍለ ሀገር ነው የመጣሁት፣ እማማ" አለ።

አዳራሹ አጨበጨበ። እጄን ይቁረጠውና እኔም አጨበጨብኩ።

እትዬ ብርቄ ዘይቱን ሳይከፍቱ በፍልሰታ አረፉ። ደረጀ ለቀብሩ ከመሥሪያ ቤቱ አንድም ሰው አልጠራም፤ በማግስቱ ሥራ ገባ።