የውሻው ምራቅ

ከኦክላንድ ወደ ጎረቤቷ ከተማ ዳብሊን በሚሄደው ባቡር፣ ከፊቴ እናትና ትልቅ ሴት ልጇ ተቀምጠው ነበር።

«እማዬ፣ ነገ ውሻው ሳይበላ ጉንጩን ውስጡን ላቦራቶሪው በላከው ጥጥ ማሸት ብቻ ነው። ከዚያ ምራቁን መልሼ እልክላቸዋለሁ።»

«ምን ሊያደርጉበት?»

«ዘሩን ያነባሉ። ከምን ከምን እንደተዳቀለ፣ የልቡ ሕመም በዘር የመጣ መሆኑን ይነግሩናል።»

«ለውሻም ዘር ቆጠራ መጣ?»

«አትቀልጂ፣ እየታመመ ነው።»

«ልጅሽን ሲልሳት አይደል የሚውለው? አፉ ውስጥ የእሷም ምራቅ አለ።»

«የሚያዩት የውሻውን ብቻ ነው።»

«ማን አለ?»

«ፎርሙ ላይ ተጽፏል።»

«አንብበሽዋል?»

«ሳይን አድርጌዋለሁ።»

«አንብበሽዋል ወይ ነው ያልኩሽ።»

«ሃያ ገጽ እኮ ነው!»

«እንግዲያው ቁጭ ብለሽ አንብቢልኝ። እስከዚያ ጥጡን አልነካም።»

ባለፈው ሳምንት ለልጄ ትምህርት ቤት ሳላነብ የፈረምኩት ወረቀት ትዝ አለኝ።