ከዳማ ሰኮና የወጣችው ድንጋይ

ደምበጫ ጋሪ ነጂ ነኝ። ቅዳሜ ለታ ማን ጋሪዬ ላይ ወጣ መሰላችሁ? ሻለቃ! ድሮ የፈረሰኛ ጦር መኮንን የነበሩት፣ ኋላ ለምክር ቤት የመረጥናቸው ሽማግሌ። አቀበቱ ላይ አላስችል አለኝና፣ «ሻለቃ፣ ምረጡኝ ብለው ሲመጡ ይሄን መንገድ አሠራላችኋለሁ ብለውን አልነበር?» አልኳቸው። ትንሽ እንደሄድን፣ «አቁም፣ ፈረስህ እያነከሰ ነው» ብለው ዱብ አሉ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ ከነሙሉ ልብሳቸው ጎንበስ ብለው የፈረሴን የዳማን እግር ጉልበታቸው ላይ አሳረፉና ከሰኮናው አንዲት ሹል ድንጋይ ነቅለው አወጡ። ተቀብዬ ልጥላት ስል፣ «ተዋት፣ መንገዱን ሳላሠራ የቀረሁት እኔ ነኝ፤ የኔ ናት» ብለው ኮት ኪሳቸው ከተቷት። ምነው ምላሴን በቆረጠው! «ይውጡ» ብላቸው እንቢ፣ ልጓሙን ይዘው አቀበቱን በእግራቸው ተያያዙት። እኔስ ምን ፊት ኖሮኝ ልቀመጥ? ወረድኩ። ባዶ ጋሪ ይዘን ገበያ ገባን።