ሐጂ ከሊፋ በርበሬ አማራቸው

ቡታጅራ፣ እኩለ ቀን ሲቃረብ፤ ታመው የተኙት የቀድሞው የበርበሬ ነጋዴ ሐጂ ከሊፋና የልጃቸው የበድሩ ሚስት ሙኒራ፣ እሷ የአጃ ሾርባ ይዛ አልጋቸው ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች።

ከሊፋ፦ አልበላም አልኩሽ እኮ። ውሰጂው።

ሙኒራ፦ ሁለት ማንኪያ ብቻ፣ አባባ። ለኔ ብለው።

ከሊፋ፦ ላንቺ ብዬ ትናንት በላሁ፤ መልሶ ወጣ። ዛሬ ደግሞ አንቺ ለኔ ስትይ አንዲት ነገር አድርጊልኝ።

ሙኒራ፦ በርበሬ እንዳይሉኝ ብቻ።

ከሊፋ፦ በርበሬ።

ሙኒራ፦ ያ ረቢ!

ከሊፋ፦ በማንኪያ ጫፍ። እንጀራ ላይ ነካ አድርገሽ።

ሙኒራ፦ አይሆንም።

ከሊፋ፦ እሺ ቃሪያ። አንዲት ቃሪያ። ፍሬዋን ጠርገሽ አውጪው፣ ልጣጯን ብቻ ላኝካት።

ሙኒራ፦ ቃሪያም ያቃጥላል።

ከሊፋ፦ የፈረንጅ ቃሪያስ? እሱ እኮ ዱባ ነው! ማንን አቃጥሎ ያውቃል?

ሙኒራ፦ ሐኪሙ ቃሪያ የሚባል ነገር አይንኩ አሉ፤ የፈረንጅ፣ የሐበሻ ብለው አልለዩም።

ከሊፋ፦ በይ ዛላውን አምጪና ላሽትተው። አፍንጫዬም ታሟል እንዴ?

ሙኒራ፦ ያስነጥስዎታል። ሲያስነጥስዎት የኦፕራሲዮኑ ስፌት ያምዎታል። ያኔ ደግሞ እኔን ይቆጡኛል።

ከሊፋ፦ ዕድሜዬን በሙሉ በርበሬ ስሸጥ ኖሬ፣ በመጨረሻ አጃ እየላስኩ! ይሄ ምን ጠላ አይሉት ውሃ አይሉት ነገር ነው?

ሙኒራ፦ ጨጓራዎ ቆስሏል፣ አባባ። ቁስሉ እስኪደርቅ ነው። ሐኪሙ ያሉትን ሰምተዋል።

ከሊፋ፦ እኔ ሐኪሙ ያለውን አልሰማሁም። ሐኪሙ አለ ያልሽውን ነው የሰማሁት። እኔን ኮሪደር ላይ አስቀምጣችሁ በሩን ዘጋችሁት።

ሙኒራ፦ ያው ነው እኮ።

ከሊፋ፦ ያው ከሆነ ደግ። አንቺስ ምን እየበላሽ ነው?

ሙኒራ፦ እኔ? ያገኘሁትን።

ከሊፋ፦ ጓዳው ከጎኔ ነው፣ ሙኒራ። ወጥ ሲሠራ አውቃለሁ። ከሆስፒታል ከመጣን ጀምሮ በርበሬ ድስት ውስጥ ሲገባ አልሸተተኝም።

ሙኒራ፦ አልጫ ነው የምበላው። ሽታው እንዳያስጎመጅዎት ብዬ።

ከሊፋ፦ አንቺ ደግሞ ምን አጠፋሽና?

ሙኒራ፦ ምንም። ለመድኩት።

ከሊፋ፦ እንኳን ልትለምጂው! ፊትሽ ራሱ አልጫ መስሏል። በይ ካልሰጠሽኝ አውሪልኝ። ጓዳ ምን ምን አለ?

ሙኒራ፦ የማረቆው ዛላ አለ። ከሀላባው ትንሽ ተርፏል። ሚጥሚጣ በጠርሙስ።

ከሊፋ፦ የሀላባው ቀለም ነው። ወጡን ያቀላዋል፣ ዓይን ይጠራል፤ ምላስ ላይ ግን ቀለል ይላል። ልጅ ያለበት ቤት እሱን ነበር የምሸጠው። የማረቆው ሌላ ነው። ሲፈጭ ጠቆር ይላል። አፍ ሲገባ መጀመሪያ ይጣፍጥሻል፣ የደረቀ ፍሬ የበላሽ ነው የሚመስልሽ። ማቃጠሉ ቆይቶ ነው የሚመጣ፣ ጉሮሮሽ ጋ ሲደርስ፤ በር አንኳኩቶ፣ ጫማውን አውልቆ እንደሚገባ እንግዳ።

ሙኒራ፦ ሚጥሚጣስ?

ከሊፋ፦ እሷማ በር ሰብራ ነው የምትገባ! ለክትፎ ብቻ ነው የተፈጠረች። ወጥ ውስጥ ምን ሥራ አላት?

ሙኒራ፦ እኔ ግን ከትቻት ነበር። ሽሮ ውስጥ።

ከሊፋ፦ አልረሳውም! የመጣሽ ሰሞን። በርበሬ መስሎሽ ሙሉ ጭልፋ ገለበጥሽበት። አማትሽ ሩቂያ፣ አላህ ይዘንላትና፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ እየወረደ «እጅሽ ይባረክ» አለችሽ።

ሙኒራ፦ እርስዎም እስከ መጨረሻው በሉት።

ከሊፋ፦ አዲስ ሙሽራ ነሽ፤ ምን ልበል? በድሩ ነው ያጋለጠሽ። ምላሱን አውጥቶ ግቢውን ሲዞር ጎረቤት ሁሉ ወጣ።

ሙኒራ፦ በማግስቱ ጓዳ አስገብተው ዛላውን ጆሮዬ ጋ ነቀነቁልኝ። «ፍሬው ሲንኳኳ ካልሰማሽ አልደረቀምና እንዳትፈጪው» አሉኝ። እናቴ ያላስተማረችኝን እርስዎ አስተማሩኝ።

ከሊፋ፦ እንግዲህ ያስተማርኩበትን ክፈዪኝ። አንድ ጉርሻ።

ሙኒራ፦ አባባ፣ አያድክሙኝ! ሲድኑ እኔ ራሴ ዶሮ እሠራልዎታለሁ። በማረቆው፣ ሽንኩርቱን ጠዋት ጥጄ፣ ቀስ ብዬ አቁላልቼ። አሁን ግን ይሄን ይዋጡልኝ።

ከሊፋ፦ ስድን።

ሙኒራ፦ አዎ። ኢንሻአላህ።

ከሊፋ፦ ሆስፒታል አጠገቤ ተኝቶ የነበረው ሰውዬ ትዝ ይልሻል? የወልቂጤው፣ አቶ ደምሰው።

ሙኒራ፦ ትዝ ይለኛል።

ከሊፋ፦ እሱም እንደኔ ተከልክሎ ነበር። ጨው እንኳ አይቀምስም። አንድ ቀን ሐኪሙ ሚስቱን ውጭ ጠርቶ አነጋገራት። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል፣ ጥርሷ ግን ይስቃል። «ሐኪሙ ያማረህን ሁሉ ብላ ብሎሃል» አለችው። ሰውዬው ደስታውን አልቻለውም። ክትፎ አስመጣ። ሚጥሚጣውን ነሰነሰበት። እኔን «ሐጂ፣ አይዞህ፣ ያንተም ቀን ይደርሳል» አለኝ።

ሙኒራ፦ ይተዉት፣ አባባ።

ከሊፋ፦ ሳምንት ሳይሞላ አልጋው ላይ አዲስ አንሶላ ተነጠፈ።

ሙኒራ፦ የሱ በሽታ ሌላ ነው።

ከሊፋ፦ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ልንገርሽ? በርበሬ ስጪኝ ብዬ ስጮህብሽ፣ በሆዴ «ያ አላህ፣ እንዳትሰጠኝ» እላለሁ። «አይሆንም» ስትይኝ ልቤ ያርፋል። ገና ይከለክሉኛል፣ ስለዚህ ገና ሰው ነኝ እላለሁ። ያንቺ ክልከላ ነው እስከ ዛሬ ያቆየኝ፤ ይሄ ሾርባ አይደለም።

ሙኒራ፦ እንደሱ ከሆነ ለምን ዛሬ እንዲህ ያስጨንቁኛል? ዛሬም ከልክዬዎት ይረፉ እንጂ!

ከሊፋ፦ ዛሬ በድሩ ይደውላል።

ሙኒራ፦ ይደውላል፤ ሁሌም ይደውላል።

ከሊፋ፦ ከነጭነት መኪናው ሞያሌ ነው ያለው። ሾፌር ጓደኞቹ እነ ጀማልም መኪኖቻቸውን ይዘው አብረውት ቆመዋል። ከዙሁር፣ ከቀትሩ ሶላት በኋላ ጠረፉን ይሻገራሉ፤ ከተሻገረ መቼ እንደሚመለስ እሱም አያውቀውም። ማታ በስልክ ድምፄን ሰምቶ ደነገጠ። «አባባ፣ ልሂድ ወይስ ልቅር? አስበህበት ነገ ንገረኝ» አለኝ። ሂድ ካልኩት ይሄዳል። ና ካልኩት ይመጣል። ምን ልበለው?

ሙኒራ፦ ሂድ ይበሉት።

ከሊፋ፦ ቶሎ መለስሽ።

ሙኒራ፦ ሥራው ነው። ምን ያድርግ እዚህ መጥቶ?

ከሊፋ፦ ሲመለስ ያገኘኛል?

ሙኒራ፦ ለምን አያገኝዎትም!

ከሊፋ፦ ወላሂ በይ።

ሙኒራ፦ ልጆቼን! በልጆቼ ይሁንብኝ፣ ሐኪሙ...

ከሊፋ፦ ልጆችሽን ተያቸው። ወላሂ በይ።

ሙኒራ፦ በሆነ ባልሆነው በአላህ ስም አይማልም ያሉኝ እርስዎ ነዎት።

ከሊፋ፦ በውሸት አይማልም ነው ያልኩሽ። እውነት ከሆነ ምን ይከብድሻል?

ሙኒራ፦ አባባ፣ በረሱል፣ አይግደሉኝ።

ከሊፋ፦ እሺ። አትማዪ። አላስምልሽም። እይ ግን፣ ሰዓቱ እየሄደ ነው። የምትድን ነህ የምትዪኝ ከሆነ ሾርባውን አጉርሺኝ። እንዳላስመልሰው ጥርሴን ነክሼ ሁሉንም እበላልሻለሁ፣ በድሩንም ሂድ እለዋለሁ፣ ሁለተኛም በርበሬ የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም። አለዚያ ተነሺና ጓዳ ግቢ። ምንም መናገር የለብሽም። ግቢ ብቻ።

ሙኒራ፦ ይሄ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ከሊፋ፦ አፌን ከፍቻለሁ። ማንኪያውን አንሺ።

ሙኒራ፦ ቀዝቅዟል። ላሙቀው።

ከሊፋ፦ ቀዝቃዛውን እበላለሁ። አምጪው።

ሙኒራ፦ አባባ...

ከሊፋ፦ አጉርሺኝ እንጂ!

ሙኒራ፦ የትኛውን ላምጣልዎት? የማረቆውን ነው የሀላባውን? አባባ፣ ፊትዎን ወደ ግድግዳ አያዙሩብኝ፣ እለምንዎታለሁ!

ከሊፋ፦ የማረቆውን።

ሙኒራ፦ እሺ።

ከሊፋ፦ ቆይ፣ አትሂጂ። ትንሽ ተቀመጪ። አልሃምዱሊላህ። ትንሽ ብቻ ተቀመጪ። ሐኪሙ መቼ ነው የነገረሽ?

ሙኒራ፦ ያን ቀን። እርስዎ ኮሪደር ላይ እያሉ። ሆድዎን ከፍተው ሲያዩት በሽታው ሁሉም ቦታ ደርሶ ነበር፤ ሳይነኩት መልሰው ሰፉት። «አታስጨንቁት፣ ያማረውን ሁሉ አብሉት» አሉኝ።

ከሊፋ፦ ያማረውን ሁሉ።

ሙኒራ፦ አዎ።

ከሊፋ፦ ታዲያ ለምንድን ነው ይሄን ሁሉ ጊዜ አጃ የምታስልሺኝ?

ሙኒራ፦ እንጃ! ምን ላድርግ? ከከለከልኩዎት የሚድኑ መሰለኝ። በርበሬውን ከሰጠሁዎት በእጄ የገደልኩዎት መሰለኝ። ሌሊት እየተነሳሁ የበርበሬውን ጆንያ አያለሁ። ልጣለው እላለሁ፣ መልሼ ሲድኑ ምን ልሠራላቸው ነው እላለሁ። አብጃለሁ፣ አባባ። ለማን ልንገር?

ከሊፋ፦ ለባልሽ አልነገርሽውም?

ሙኒራ፦ አልነገርኩትም።

ከሊፋ፦ በድሩ አያውቅም?

ሙኒራ፦ ጨጓራ ነው፣ ይድናል ብዬዋለሁ። ለእርስዎ ያልኩትን ነው ያልኩት።

ከሊፋ፦ ለምን ልጄ? እኔስ እሺ፣ በሽተኛ ነኝ። እሱ ምን አደረገሽ?

ሙኒራ፦ ሙዘሚልን ረሱት?

ከሊፋ፦ ልጄን እረሳለሁ?

ሙኒራ፦ እናትህ ታማለች ድረስ አሉት። በዚያ ዝናብ መሪ ጨብጦ ሲከንፍ መጣ። እማማ ሩቂያን ቀብረን ሳንመለስ የሱ ሬሳ ደረሰ። በድሩ ከወንድሙ በምን ይለያል? አንድ ናቸው እኮ! አባትህ ሊሞት ነው ብዬ ስነግረው የሚይዘው ያን ትልቅ መኪና ነው። ሞያሌ የት፣ ቡታጅራ የት! እኔ ከእናንተ ቤት ሁለት ሬሳ በአንድ ሳምንት አልቅሼ ሸኝቻለሁ። አልደግመውም።

ከሊፋ፦ ሳይደርስልኝ ብቀበርስ? በድሩ ይቅር የሚልሽ ይመስልሻል?

ሙኒራ፦ አይበለኝ። ይፍታኝ፣ ይጥላኝ። ብቻ በሕይወት ቆሞ ይጥላኝ።

ከሊፋ፦ እንዲህ ያለ ነገር ብቻሽን ይዘሽ ነው አልጫ የምትበዪው?

ሙኒራ፦ አይዘኑልኝ፣ እርስዎ አይዘኑልኝ፤ እሱን አልችለውም።

ከሊፋ፦ ልንገርሽ። እፈራለሁ፣ ሙኒራ። ሐጂ እባላለሁ፣ ሰው ሁሉ ቆራጥ ነው ይለኛል፤ አሁን ግን እንደ ሕፃን ፈርቻለሁ። ከሁለት አንዱ ነው የቀረኝ። የቀረውን ልጄን ፊቱን ሳላይ፣ እጄን ሳይዘኝ መሄድ አልችልም። ልመና ከሆነም እየለመንኩሽ ነው። ከበርበሬው ሁሉ ይልቅ ያማረኝ እሱ ነው። ሐኪሙ ያማረውን ሁሉ ብሏል አይደል?

ሙኒራ፦ አባባ...

ከሊፋ፦ የዙሁር አዛን እያለ ነው። ከሶላት እንደወጡ ይነሳሉ። ካልፈለግሽ አልደውልም፤ ሲደውል ሂድ እለዋለሁ። እዚህ ቤት ያለሽው አንቺ ነሽ፣ የምትቀሪውም አንቺ ነሽ። ያልሽው ይሆናል።

ሙኒራ፦ ስልኩ የት አለ? ትራሱን ከፍ ያድርጉልኝ። አዎ፣ አገኘሁት። ይጠራል... በድሩ? እኔ ነኝ። የለም፣ ስማኝ፣ አትጩህ፣ አባባ አሉ፣ አጠገቤ ናቸው፣ እየሰሙህ ነው። ሁሉንም እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን የመኪናውን ቁልፍ ለጀማል ስጠውና በአውቶቡስ እመጣለሁ ብለህ ወላሂ በለኝ።